ጭልፋና ጋቢ

አቶ አክሊሉ ጢማቸው ሳይወጣ ማተሚያ ቤት ገብተው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርሳስ እያቀለጡ የሕትመት ፊደል ሲያፈሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እርሳስ መቼ እንደጋለ፣ መቼ እንደቀዘቀዘ ፊቱን አይተው ያውቁታል። ሲያትል መጥተው ቢከን ሂል ከልጃቸው ከማህደርና ከባሏ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ ግን ያ ሙያ ለማንም የማይጠቅም ሆኖ ተቀመጠ። እናም ጎረቤታቸው ሙላቱ አንድ ቀን «ጋሼ፣ የጥይት አረር ማፍሰስ ይችላሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ልባቸው ሞቅ አለ። እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ «ይችላሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረማ።

ሙላቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ሊተኩስ ይሄዳል፤ ባዶ ቀለሁን እየለቀመ ቤቱ መልሶ ይሞላዋል። የቸገረው አረሩ ነበር። ስለዚህ እሱ ከጎማ ቤት ለጎማ ማመጣጠኛ የሚለጠፈውን አሮጌ እርሳስ ያመጣል፤ አቶ አክሊሉ ጋራዥ ውስጥ አቅልጠው የብረት ቅርጽ ውስጥ ያፈሳሉ። ማህደር ነገረ ጠመንጃ ስለማትወድ አልነገሯትም። የሙላቱን ዕቃ የሚጠግኑ ይመስላታል።

ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ጭሱ እንዲወጣ የጋራዡን ትልቁን በር ይከፍቱታል። የማህደር ልጅ ኖላዊት ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናትና አባቷ ሥራ ሲውሉ የሚይዟት እሳቸው ናቸው። እሳት የሚያነዱት እሷ ስትተኛ ብቻ ነው፤ ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባውንም በር ይቆልፉታል። በሩ ሲከፈት የኖቬምበር ዝናብና ብርድ ይገባል። ብርዱን ጋቢያቸውን ደርበው ይችሉታል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ሙላቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሰሮ አቅፎ መጣ። ከሥሩ ቀዳዳ አለው፤ እጀታውን ከፍ ሲያደርጉት እርሳሱ ከታች በኩል ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ጭልፋው ይብቃዎት። ቆሻሻው ላይ ይንሳፈፋል፣ ንጹሑ ከታች ነው። በዚህ ሲያፈሱ ንጹሑን ብቻ ያገኛሉ።»

አቶ አክሊሉ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጉንፋን እንደያዘው ሕፃን ሲንጠባጠብ ሊውል ነው። ቆሻሻ ሲይዘው ደግሞ ይደፈናል። ጭልፋ ግን እጄ ማለት ነው። ሞልቼ ስደፋው አየር አያስቀርም።»

«ጭልፋዎ ያወጣቸውን አየናቸዋ! ባለፈው ግማሾቹ ተጨማደው እርስዎን መስለዋል።»

«እነሱ የተጨማደዱት ቅርጹ ሳይሞቅ ስለፈሰሱ ነው። እኔ ደግሞ ያንተን ወሬ ስሰማ ነው።»

ሙላቱ ሳቀ። «ኦኬ፣ እንወራረድ። ለቅዳሜ በሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ያፍስሱልኝ። የተሻለውን ዒላማው ይነግረናል።»

ሽማግሌ እልኸኛ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ፣ ልጅቷ በተኛች ቁጥር፣ አቶ አክሊሉ በጭልፋቸው ሲያፈሱ ዋሉ። እርሳሱ እንዲጠራ የጧፍ ቁራጭ ጣል ያደርጉበታል፤ ግራጫ አመድ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፤ እሱን በጭልፋ እየገፈፉ ቆርቆሮ ላይ ያራግፉታል። ብናኙ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ጠረግ ጠረግ ያደርጉታል። ልጅቷ ስትነቃ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው ይሄዳሉ። ጋቢው ግን ጋቢ ነው፤ ልጅ ለማቀፍ ማን ጋቢውን ያወልቃል? ኖላዊት እንደልማዷ እውስጡ ትገባና ጫፉን እየጠባች ታንቀላፋለች። አፏን ስትፈታ ከተናገረቻቸው ቃላት አንዱ «ጋቢ» ነበር። ሰሞኑን ግን እሱንም ትታዋለች።

ሐሙስ ማህደር ልጇን ለዓመታዊው ምርመራ ውጤት ወስዳ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ። ብዙ አለ። ለካ ሆዴን የምትለው ለዚህ ነው። ወሬዋን የተወችውም ለዚህ ይሆናል አሉኝ። ነገ ምንጩን የምትፈልግ ሴት ትመጣለች።»

አቶ አክሊሉ በልባቸው መቁጠር ጀመሩ፦ ጋራዥ ገብታ አታውቅም። በሩ ተቆልፏል። ጭሱ በውጭ ነው የሚወጣው። እጄን ታጥቤያለሁ። እኔ አይደለሁም።

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አሏት።

በማግስቱ የመጣችው ሴት የፀጉር ማድረቂያ የመሰለ መለኪያ ይዛለች። የመስኮቱን ቀለም ለካች፤ መጫወቻውን፣ እርዱን፣ ኩሉን ለካች። ምንም የለም። የሟች ባለቤታቸው የወይዘሮ ሮማነወርቅ አሮጌ ድስት ላይ ስትደርስ መሣሪያው ጢጥ አለ።

«የእማዬ ድስት!» ማህደር ጮኸች። «ገንፎዋን የማገነፋው በሱ ነው እኮ! እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው ይሄን ያወረስሽኝ?» እያለቀሰች ድስቱን አንጠልጥላ በዝናቡ ወጣችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው። ድምፁ ቤት ድረስ ተሰማ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ማህደር ስትመለስ ድስቱ ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት እንደማያደርስ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ቀጥላም ቤት ውስጥ እርሳስ የሚነካ ሥራ የሚሠራ ሰው እንዳለ ጠየቀች።

«ኖ» አለች ማህደር።

አቶ አክሊሉ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ቢሆንም ይህን ሰሙት። በእናቷ ለቅሶ የደነገጠችው ኖላዊት እግራቸው ሥር መጥታ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳበችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ጎንበስ ብለው አዩት። ጥለቱ ላይ፣ ክሩ መሐል፣ ግራጫ ነገር ተቀምጧል።

ዝም ቢሉ ይችሉ ነበር። ጥፋቱ ሙት ላይ ወድቋል፤ ሙት አይሟገትም። ይህችን ልጅ ማቀፋቸውም አይቀርባቸውም። ግን ይህን ጋቢ ለብሰው እንዴት ያቅፏታል?

ጫፉን ከአፏ ቀስ ብለው አወጡት። ጋቢውን አውልቀው ለሴትዮዋ ዘረጉላት። «ይሄንንም ለኪው።»

መሣሪያው ጮኸ፤ እስክታነሣው ድረስ አላቆመም።

«አባዬ?» አለች ማህደር። «ምንድነው ይሄ?»

«አረር ነው። ለሙላቱ ጋራዥ ውስጥ ሳፈስ… በሩን ቆልፌባት ነበር እኮ፣ ልጄ። እጄን ታጥቤ ነበር።»

ማህደር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር። ልጇን ከእግራቸው ሥር አነሣቻትና ርቃ ቆመች።

«የተወችው ቃል ይመለስ አይመለስ ዶክተሩም አያውቅም» አለች። «ጊዜ ያሳየናል ነው ያለው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሙላቱ በዝናቡ መጣና የጋራዡን በር አንኳኳ። አቶ አክሊሉ የአማቻቸውን ጃኬት ለብሰው ወጡ።

«እህሳ ጋሼ! ጭልፋው ነው ወይስ ማሰሮው? የቱን መረጡ?»

ሁለቱንም በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠው ነበር፤ አቀበሉት። «የቱንም። ሙላቱ፣ አንተም ዛሬ ከተኩስ ስትመለስ ልብስህን ሳትቀይር ልጆችህን እንዳታቅፍ» ብለው የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩት። ሙላቱ ላስቲኩን እንደያዘ ዝናቡ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሲገቡ ኖላዊት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ማህደር ከወጥ ቤት ጃኬቱን አየችና ወደ ሥራዋ ዞረች። አቶ አክሊሉ ልጅቷን አነሷት። ትንሿ እጅ ትከሻቸውን ዳበሰች፣ አንገታቸውን ዳበሰች፣ የጠፋባትን ፈለገች።

«ጋቢ በይ እስቲ፣ እናቴ» አሏት በጆሮዋ። «ጋ…ቢ።»

ልጅቷ አፋቸውን አየች። ከዚያ የጃኬቱን ዚፕ ይዛ ዝም አለች።