ያልተከፈተው ቁርስ ቤት

ወይዘሮ ይርገዱ ከአምስት ዓመት በፊት ልክፈተው ብለው አስበው የተዉት ቁርስ ቤት ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተከፈተ። የተከፈተው ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከክርና ቁልፍ መሸጫ ሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። ፉል የሚጨልፉትም ወይዘሮ ይርገዱ ራሳቸው ነበሩ።

በሱቃቸው በር ላይ የቆሙት ወይዘሮ ይርገዱ መጀመሪያ ያስተዋሉት የማዶዋ ይርገዱ ከእሳቸው ትንሽ ወፈር ማለቷን ነው።

ሰፈሩ ብዙም አልተገረመም። የመናኸሪያ ሰው የሚገረመው አውቶቡስ በሰዓቱ ሲነሳ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪው ጋሽ ይመር በሦስተኛው ቀን እዚያ ቁርሳቸውን በልተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ መጡ።

«እትዬ ይርገዱ፣ አይቀየሙኝና ማዶ ሲሆኑ ይሻላሉ። ቅቤ አይሰስቱም።»

ነገሩን ያስረዳቻቸው አንድያ ልጃቸው ሐመልማል ናት። ኮሌጅ ገብታ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ክፍያም የሚጠበቀው ከዚሁ ሱቅ ነው። ሰው አንዱን ሲመርጥ የተወው ነገር የምርጫው ዋጋ ይሆናል አለቻቸው። የትምህርት መጽሐፏ ግን ይህ ዋጋ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም ይላል።

«የእኛው ግን ፉል ሲሸጥ ይታያል» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

ጊዜ አልነበረም። የሱቁ የኪራይ ውል አርብ ያበቃል፤ ወይ ለአምስት ዓመት ይፈርማሉ፣ ወይ ይለቃሉ። እሳቸው በቀን ሦስት ደርዘን ቁልፍ ሲሸጡ የማዶው ወረፋ አስፋልት ደርሷል። ሐመልማል ለሱቁ መደርደሪያዎች የወጣው ገንዘብ አንዴ ወጥቷልና በውሳኔያቸው ውስጥ እንዳያስገቡት አስጠነቀቀቻቸው። እሺ አሉ። ከዚያም መደርደሪያዎቹን ቆጠሩ። አሥራ አራት ነበሩ።

አርብ ጠዋት አስፋልቱን ተሻግረው ፉል አዘዙ። የማዶዋ ራሷ አቀረበችላቸው፤ እውነትም ቅቤ አልሰሰተችም። ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ዘንድሮ ትጨርሳለች።»

«የእኔዋ ያቻት» አለች የማዶዋ፣ በአገጯ እያመለከተች። ከምድጃው አጠገብ ሐመልማል ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። «ሥራው ሲበዛ ከአሥረኛ ክፍል አስወጣኋት። ለጊዜው ብዬ ነበር።»

ወይዘሮ ይርገዱ ሒሳብ ሲጠይቁ ልጅቷ እጇን አደራርቃ መጣችና በጣቷ ቆጥራ ነገረቻቸው። አሥር ብር አጉድላለች። ሞልተው ከፈሉ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውሉን ፈረሙ። ሐመልማል በምን ስሌት እንደወሰኑ ጠየቀቻቸው።

«መደርደሪያዎቹ አሳዘኑኝ» አሉ።

እንዲህ ያለ መልስ ፈተና ላይ ዜሮ እንደሚያሰጥ ሐመልማል በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከቁርስ ቤቱ ጎን ሌላ በር ተከፈተ። ውስጡ አሥራ አራት ባዶ መደርደሪያዎች ነበሩ። በመካከላቸው ውሉን ያልፈረሙት ወይዘሮ ይርገዱ፣ እስክሪብቶ በእጃቸው እንደያዙ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሐመልማል ደብተሯን ይዛ ለቅዳሜ ትምህርት ወጣች። እናቷም እንደ ልማዳቸው ከኋላዋ ሊያማትቡላት እጃቸውን አነሱ፤ ማዶ ያሉት ሁለቱ ግን ቀድመዋቸው፣ በአንድ ላይ፣ እያማተቡላት ነበር።