የእማማ ቶሜዮ ሰሌዳ

የመሬት መንቀጥቀጡ ያስነሣው ማዕበል የባሕሩን ዳር ጠራርጎ በወሰደ ማግስት የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያው ተበላሸ፤ መንግሥትም «አካባቢውን ልቀቁ» አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ኩሳኖ የሰፈሩን ሰው በሙሉ አውቶቡስ ላይ ጭኗል። የቀሩት የሰማንያ ዓመቷ እማማ ቶሜዮ ብቻ ናቸው። ሾፌሩ «ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ወዲያ አልጠብቅም» ብሎታል።

እማማ ቶሜዮ ደጃፋቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በእናትዎ ይነሡ። ጨረሩ እኮ አይታይም።»

«የማይታየውን ተወውና ሰሌዳዬ የታለ?»

ሰሌዳ የሚሉት የሰፈሩ ማስታወቂያ ተለጥፎ የሚዞርበትን ትንሽ ሳንቃ ነው። ከሰፈሩ አለቃ ይነሣል፤ በየቤቱ እየተነበበ፣ እያንዳንዱ ሰው እንደ ፊርማ የሚጠቀምባት የገዛ ማኅተሙ እየተመታችበት ከጎረቤት ጎረቤት ያልፍና አለቃው እጅ ይመለሳል። የዘንድሮ አለቃ እሳቸው ናቸው። ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት የላኩት ሰሌዳ አልተመለሰም።

«ማስታወቂያው ምን ነበር?»

«የእሑድ የቦይ ጽዳት።»

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ምድር ተናውጣ፣ ባሕር ወጥታ፣ ሴትዮዋን የቦይ ነገር ይዟቸዋል። ኩሳኖ ግን የአገሩ ልጅ ነውና ክርክሩን ትቶ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

«ሰሌዳው ማን ጋ ነው?»

ጋሼ ሳኩማ እያፈሩ ካፖርታቸውን ከፈት አደረጉ። ብርድ ልብሳቸውን ረስተው ሰሌዳውን ይዘው ነው የሸሹት።

«ታዲያ ለምን አላሳለፉትም?»

«ተረኛው እሱ ነዋ» አሉ፣ ከኋላቸው የተቀመጡትን ጋሼ ኦኩዳን በአገጫቸው እየጠቆሙ። በአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰበብ ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። «እስከ ዛሬ በሩ ላይ ጥዬለት ነበር የምሄደው። አሁን በር የለው።»

ጋሼ ኦኩዳ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አምጣው እንግዲህ፤ በሩ እኔ ነኝ።»

ማኅተም ከየኪሱ ወጣ፤ ቀድሞ የመታውም እንደገና መታ። ቅያሪ ልብስ ያልያዘ ሁሉ ማኅተሙን ይዟል።

ኩሳኖ ሰሌዳውን አድርሶ ሲያስረክብ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ነበር። እማማ ቶሜዮ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስምንቱም ቤት አለ። ያን ጊዜ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ከትናንት ጀምሮ ማን እንደተረፈ የሚነግረኝ አጥቼ እኮ ነው» አሉና ተነሡ።

አውቶቡሱ ውስጥ አዲስ ወረቀት ላይ «የቦይ ጽዳቱ እስክንመለስ ተላልፏል» ብለው ጻፉና መጀመሪያ ለኩሳኖ ሰጡት።

«እኔ እኮ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም፣ እማማ።»

«ዝም ብለህ ምታ። ከእንግዲህ ከእኛው ነህ።»

ኩሳኖ ኪሱን ዳበሰ። እሱም ማኅተሙን ይዞት ነበር።