የራካው ፍጻሜ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ መሕቡባ ለልጅ ልጇ ለኸጣብ ደወለች።

«ዛሬ ራካ እንዳትሄድ ብዬሃለሁ።»

«እማየ፣ ፍጻሜ እኮ ነው! ወረባቦ ለዋንጫ ደርሶ እኔ ቤት ልተኛ?»

«ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለህም። ስትያዝ ነው የምታየው።»

«ሁለት ዓመት ተሰብስበን ማን ነካን? አብሽሪ። ደግሞ በቲክቶክ ላይቭ አስተላልፋለሁ፣ አንቺም ታዪኛለሽ።»

«ጭራሽ ያላችሁበትን ልታሳይ ነው?»

«የኛ ልጆች ናቸው የሚያዩት። እስከ ጅዳ የሚጠብቁኝ አሉ።» ሳቀና ዘጋው።

ሳውዲ፣ ደማምና ኮበር ያሉ የወሎ ልጆች በየወረዳቸው ቡድን አቋቁመዋል። ዓርብ ዓርብ ራካ በሚባለው ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ይጋጠማሉ። በየመን በኩል የመጣው ኸጣብ ስድስቱን ቀን ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ሰባተኛው የወረባቦ ነው። መጫወቱን አይችልበትም፤ ጉሮሮው ግን የቡድኑ ነው። ሲያሸንፉ ሳምንቱን ሲዘፍን ይከርማል። አምና በግማሽ ፍጻሜው ሲወድቁ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ተኝቶ ከሥራው ሊባረር ነበር።

የመሕቡባ አሠሪ ማዳም ልጆቿን ይዛ ኮበር ባሕር ዳርቻ ሄዳለች። መሕቡባ መዝሩዒያ ሰፈር ባለው የማዳም ቤት ማድ ቤት ውስጥ ስልኩን የሩዝ ጣሳ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ላለማየት ብትፈልግም አላስቻላትም።

ተጋጣሚዎቹ ሐርቡዎች ቀድመው አገቡ። የኸጣብ ድምፅ ጥፍት አለ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ሊያልቅ ሲል ወረባቦ አቻ ሆነ። «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ ሲጮህ ሜዳው በስልኩ ውስጥ ዘለለ። እሷም «እሰይ!» ብላ ጭኗን መታች። ወዲያው ደነገጠች።

ከጎሉ ጀርባ፣ ከሽቦው ማዶ አንድ ነጭ መኪና በቀስታ አለፈ። ተመልሶ መጣ። አሁን ሁለት ሆነዋል። ቆሙ።

ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ሄደዋል። ኸጣብ ስልኩን የያዘው ወደ ሽቦው ነው፣ ዓይኑ ግን ከኳሱ አልተነቀለም። ደወለች። ጥሪዋን ዘጋው።

«አያቴ ናት» አለ ለሚያዩት ሁሉ እየሳቀ። «ትንሽ ታገሺኝ እማየ፣ የመጨረሻዋ ምት ናት!»

«ፖሊስ መጣ» ብላ ጻፈችለት። መልእክቷ ከታች ብቅ አለና በሚጎርፈው ልብና ጭብጨባ ተገፍቶ ወጥቶ ጠፋ። ደግማ ጻፈች። እሱም ጠፋ።

የወረባቦ በረኛ ኳሷን በጉልበቱ መለሳት።

ሁሉም ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ሲተቃቀፉ አየች። ከዚያ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ መሮጥ ጀመረ፤ ማን በደስታ ማን በድንጋጤ እንደሚሮጥ አይለይም። ስልኩ ወደቀ። ሰማዩ ብቻ ቀረ።

«ኢቃማ?» አለ አንድ ሰው።

«ይሄ ስልክ የማን ነው?» ጥያቄው በዐረብኛ ነበር።

«የኔ አይደለም» አለ ኸጣብ፣ በጩኸት በሰለለ ድምፁ።

ስልኩ ከመሬት ተነሳ። ኮፍያ ያደረገ የማታውቀው ሰው ፊት የስልኳን መስኮት ሞልቶ ትክ ብሎ አያት። ወዲያው ላይቩ ተቋረጠ።

የመሕቡባ ጣት የኸጣብ ስም ላይ ነው። አሁን ብትደውል ስልኩ እዚያ ሰውዬው እጅ ላይ «እማየ» የሚል ስም አውጥቶ ይጮኻል፤ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ሲደነግጥ የካደው ስልክ የሱ መሆኑ ይታወቃል።

ጣቷን አነሳች። እጇን በሌላው እጇ አጥብቃ ያዘችው።