ያልበራው ነጥብ

ጠዋት ውሃ አሞቀች፤ የባሏን ሸሚዝ ተኮሰች። እሱ እንደ ሰሞኑ ልማዱ ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ። ጉበቱ ላይ የተቀመጠው ዕጢ ሆርሞን ይረጫል። ያንን የሚያስታግሰው ወርኃዊ መርፌ ለሰሞኑ የምስል ምርመራ ሲባል ስለዘገየ ተቅማጡም የፊቱ መቅላትም ተመልሰውበታል። ሲወጣ ጉንጩ ፍም መስሎ ነበር።

«ሰው ሲያይህ በጠዋቱ የቀመስክ ነው የሚመስለው» አለችው።

«ከሐሜቱ ካልቀረሁ አንድ ሁለት ልበላ!»

ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። እሷ የምትፈራው ቀልድ ሲያልቅበት ነው።

ሆስፒታል፣ ባሏን የምታክመው ሐኪም ክፍል ሲደርሱ የአምናውና የሰሞኑ ምስል ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ ተከፍተው ጠበቋቸው። ሚስትየው ማንበቡን ለምዳዋለች። በደም ሥር የሚሰጠው ጨረር ያለው መድኃኒት ዕጢውን ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ የተጣበቀበት ቦታም ምስሉ ላይ ይበራል። አምና ሦስት ነጥቦች በርተው ነበር፤ አንዱ እንቁላል ያህላል። ዛሬ የመጡት እንደዚያው የሚበራው ቦታ ላይ ተጣብቆ ዕጢውን የሚያቃጥለው ጠንካራ ሕክምና እንዲጀመርለት ነው። ከዚያ ሌላ ተስፋ አልያዙም።

አዲሱ ምስል ላይ ትልቁን ነጥብ ፈለገች፤ አጣችው። ደግማ ፈለገች። ከዚያ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ጠፍቷል! አየህ፣ አንተ ሰው፣ ጠፍቷል!»

«እሰይ! ኪራዩን ሳይከፍል ወጣ በይኛ!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች።

«እናቴ፣ እንዳሉት በሆነ ደስ ባለኝ። የጠፋው ብርሃኑ ነው። ዕጢው አለ፤ በሌላ ዓይነት ምርመራ ሲታይ እንዲያውም አድጓል። ጠባዩን ስለለወጠ መድኃኒቱን መቀበል ትቷል።»

«ታዲያ ሕክምናውስ?» አለች ሚስትየው።

«ያልበራውን አያገኘውም።»

ባልየው ስክሪኑን አተኩሮ አየ።

«ገባኝ» አለ። «መብራት አጥፍቶ የሚመጣ መኪና ነው። መንገድ ላይ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነበር።»

«ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን፣ አባባ።»

«እንሞክር እንጂ፣ ልጄ።»

ሚስቱ ክንዱን ይዛው ደረጃውን ወረዱ። ባሏ ሁልጊዜ በቀልድ የሚያስቀው የበሩ ጥበቃ ገና ሲያየው ፈገግ አለ። ዛሬ ግን ባሏ በአንገቱ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶት አለፈ።

ዓመቱን ሙሉ ያ ብርሃን እንዲጠፋ ስትለምን ነበር። አሁን ብርሃኑ የለም።