አጥባችሁ አታምጡት

ልጁ ይጠባል፤ መጥባትስ ይጠባል! ጡት ገና ሲሸተው ይንቀጠቀጣል፣ ከያዘ አይለቅም፣ ከአፉ የነጠቁት እንደሆነ ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። አራት ወር ሞልቶታል። ክንዱ ግን የተወለደ ሰሞን እንደነበረው ቀጭን ነው፣ መቀመጫው ተሸብሽቧል፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ጉብ ብሏል። ያ ሁሉ ወተት የት እንደሚገባ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

«አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣችለት፣ እናቱ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ አጠገቧ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክል ጓደኛዋ ናት። «እዚህ አንዱ አለቃ ይጮህብሻል፣ ቤት ስትገቢ ሌላው። አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር የጻፈልሽ ጩኸት ነው!» ብላ ሳቀች። ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

እናትየው መሳቁ ራሱ ይደክማት ነበር። ጠዋት አጥብታ፣ ለቀን የሚሆነውን ወተት ከጡቷ አልባ በጡጦ አስቀምጣ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ትገጥማለች። ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ልጁን ተቀብላ ታጠባለች። ስለ ሌሊቱ ባይወራ ይሻላል። ድካሟ ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት አልነበረም፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ አንቀላፍታ እጅጌውን በአንገት በኩል ገጥማው ተገኘች፤ የፋብሪካው አለቃ ሸሚዙን አንስቶ ለሠራተኛው ሁሉ አሳየ።

ቀን ቀን ልጁን የሚይዙት አማቷ ናቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንደሳቸው ያለ ሞግዚት ተፈልጎም አይገኝ። ሕፃኑን በቀን ሁለት ጊዜ ያጥቡታል፣ ለብ ባለ ዘይት ከአንገቱ እስከ ጣቶቹ ያሹታል። ሽንት ጨርቁን ገና ሳይደርቅ ነጥቀው፣ ፈትገው፣ ቀቅለው ያሰጡታል። እናቱ ከሥራ ስትመለስ የሚጠብቃት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ልጅና እንደ ወረቀት የነጣ ጨርቅ ነው። «አንቺ ደክመሽ መጥተሽ አር ልታጥቢልኝ? ሞቼ ልገኝ!» ይሏታል።

አፋቸው ግን እንደ እጃቸው ለስላሳ አልነበረም። «ወተቷ ውሃ ነው» ይላሉ ለጎረቤት፣ ምራታቸው እየሰማች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ጡቱ እንደሆን ሞልቷል፣ ልጁ ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም።» የረዥም መንገድ መኪና ሾፌር ለሆነው ልጃቸውም ይህንኑ በስልክ ነገሩት። እሱም ለሚስቱ ደወለና ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ፣ «እማዬ ያለችሽን አድርጊ። ወሩ ሲያልቅ ጡቱ ይቁምና በዱቄት ወተት ይደግ። እሷ ልጅ ማሳደግ ታውቃለች» አላት።

ስልኩን ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጡቷን ሲያስጥሉት ልጁ ከእጇ የሚወጣ መሰላት። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ እውነታቸውን ቢሆንስ? እያጠባች እየገደለችው ቢሆንስ? ይህን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም፣ ለማልቀስም አቅም አጣች።

ጤና ጣቢያ በየጊዜው ይወስዱታል፤ ለዚያ እንኳ ማንም አይታማም። በሄዱ ቁጥር አማቷ ልጁን እንደ ሙሽራ ነው የሚያዘጋጁት። ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ አዲስ ጨርቅ ይታሰርለታል፣ የተተኮሰ ልብስ ይለብሳል። ሲስተር ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው ሚዛኑ ልጁን የረሳው ይመስል አይነቃነቅም። ምክር ትሰጣለች፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው ትላለች፣ ይመለሳሉ። በዚህኛው ቀጠሮ ግን ሲስተር እጇን አጣጥፋ ልጁን ረዘም አድርጋ አየችው።

«ሰገራው እንዴት ነው?» አለች።

እናትየው የገዛ ልጇን ሰገራ አታውቅም። ሌሊትም ሆነ እሁድ እሁድ እንኳ አማቷ ቀድመዋት ነው የሚያነሱት።

«ደህና ነው» አሉ አማቷ በእሷ ፈንታ። «ብቻ ይበዛል። ደግሞ ቅባት ቅባት ይላል፤ እሱ እንኳ የእኔ ዘይት ነው።»

«ሽታውስ?»

«ወይ ጉድ! ልጄ፣ አር ሽቶ ነው እንዴ?»

ሲስተር ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን መለሰችው። «እማማ፣ የእናንተ ልጅ እዚህ የሚመጣው ተሞሽሮ ነው። እኔ ሙሽራ ምን ያደርግልኛል? በሉ ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዘይት አይቀባ። ስትመጡም አጥባችሁ አታምጡት። የቆሸሸውን ጨርቅ እንዳለ በላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡልኝ።»

አማቷ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቤት ሲገቡ ፈነዱ። «የልጄን ልጅ በአር ለውሼ ለባዳ ላሳይ? ምን ቆርጦኝ! ያሳደገው ሰው የለም ሊሉን ነው እኮ!» እናትየው ለመነች፣ አስረዳች። በመጨረሻ «እሺ፣ ይሁን እንዳልሽ» አሏት። እሷም አምና ሥራ ገባች። ስትመለስ ልጁ ከራሱ እስከ እግሩ ያብረቀርቃል።

«እማማ!»

«ምን ላድርግ፣ አሳዘነኝ» አሉ ዓይናቸውን ሰብረው። «ቆዳው ደረቀብኝ። አንጀቴ አልችል አለ።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። በነጋታው እናትየው ፋብሪካ ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች። አለቃው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ማሽንሽ ሰው አይጠብቅም፣ እወቂው» አላት። «አውቃለሁ» ብላ ወጣች። ቁልፍ ተካይዋ እስከ በሩ ሸኘቻትና «ለትንሹ አለቃ ሰላምታ አቅርቢልኝ» አለቻት።

ቤት ገብታ የዘይቱን ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ቁልፉንም ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። አማቷ አኮረፉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡና ሽንብራ እንደሚቆረጥም ሰው ጥርሳቸውን አፋጩ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ጨርቅ ሁሉ በራሷ እጅ ፈታች።

አይ ያየችው! ይህ ሁሉ ከዚህ ከሲታ አካል እንዴት ይወጣል? ገርጥቷል፣ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ በውሃ አልላቀቅ ይላል። ሽታው ደግሞ የሕፃን ሽታ አልነበረም፤ ኮሪደሩን አልፎ የጎረቤትን በር ያንኳኳል። ዘይቱ ከተቆለፈበት ውሎ አድሯል፣ ቅባቱ ግን ያው ነው። በማጠቢያው ሳህን ውሃ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ተንሳፈፈ።

አንስታ አቀፈችውና ግንባሩን ሳመችው። ሳይታጠብ ስማው አታውቅም ነበር። ከንፈሯ ላይ ጨው ቀረ። የራሷ እንባ መስሏት ጉንጯን ዳበሰች፤ ደረቅ ነበር።

የቀጠሮውን ቀን አልጠበቀችም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ያላጠበችውን ጨርቅ በላስቲክ ቋጥራ፣ ልጁን እንዳለ ታቅፋ ወጣች። አማቷ «እኔ አብሬሽ አልዋረድም!» ብለው በሩን ዘጉባት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ግን በሌላኛው በር እያለከለኩ ገቡ። በእጃቸው የንጹሕ ልብስ ፌስታል ይዘዋል። ከኋላዋ ቆሙ እንጂ አላናገሯትም።

ብዙም ሳይሄዱ ሽታው ተነሳ። አንዱ መስኮት ከፈተ፣ ሌላዋ በነጠላ አፍንጫዋን ሸፈነች። ከወደ ኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «ሾፌር! ሬሳ ጭነህ ነው እንዴ?» አለና አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እናትየው መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ አንገቷን ደፋች።

ያኔ አማቷ ዞሩ። «አንተ!» አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «የአንተ ሲወጣ ሽቶ ነበር? እናትህ አፍንጫዋን ይዛ ነው ያሳደገችህ? ሬሳ! ሬሳ ያልከው የኔን ልጅ ነው? አፍህን ሰብስብ!» ጎልማሳው አፉን ሰበሰበ። አንዲት ወጣት ተነስታ ወንበሯን ለቀቀች። አማቷ ምራታቸውን በትከሻዋ ይዘው አስቀመጧትና እሳቸው እንደ ዘበኛ አጠገቧ ቆሙ።

ሲስተር ላስቲኩን ስትፈታ አፍንጫዋን አልያዘችም። ጨርቁን በጓንት ገልጣ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ቅባቱ አብለጨለጨ። «ዘይት አልተቀባም?» ብላ ጠየቀች። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለች እናትየው። ሲስተር ከዚያው ጥቂት ቆንጥራ ወደ ላቦራቶሪ ላከችና ዶክተሩን ጠራችው። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ እንደ እናትየው ዓይን እንቅልፍ ያጣ። የልጁን ሆድ ዳሰሰ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ እንደተወለደ የመጀመሪያው ሰገራ ዘግይቶ እንደሆነ ጠየቀ፣ ሲስሙት ቆዳው ምን ምን እንደሚል ጠየቀ።

«ጨው» አለች። ለምን እንደጠየቃት ግን አልገባትም።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። «ሰገራው በስብ የተሞላ ነው» አለ። «ይህ ልጅ እየጠባ ነው የሚራበው። ከሆዳችን ጀርባ ቆሽት አለ፤ ስብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚልከው እሱ ነው። የእሱ መንገድ በወፍራም ንፍጥ የተዘጋ ይመስላል። ስለዚህ የጠባው ስብ ሳይፈጭ፣ ለሰውነቱ ሳይደርስ ይወጣል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ ነው የጠረጠርኩት። እስካሁን ግን ጥርጣሬ ነው። ለትልቁ ሆስፒታል እጽፍላችኋለሁ፣ እዚያ ላቡን ይመረምሩታል፤ ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ላቡ ጨው ይበዛበታል። ከተረጋገጠ ሳንባውም ክትትል ይፈልጋል፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ከወተቱ ጋር የሚሰጥ፣ ስቡን የሚፈጭለት መድኃኒት አለ።»

«ጡቱንስ… ላቁም?» አለች። «ወተቴ ውሃ ነው ይላሉ።»

ዶክተሩ ጨርቁን በእስክሪብቶው ጫፍ አመለከተ። «ይህ ቅባት እኮ የአንቺ ወተት ነው። ውሃ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? እንዳታቆሚ!»

ትከሻዋ ወረደ። ለወራት የተሸከመችው ነገር ነበር፤ አሁን ሲወርድላት ደስታ ሳይሆን እንቅልፍ መጣባት። እዚያው ወንበሩ ላይ ልትተኛ ምንም አልቀራት።

«አንድ ጥያቄ» አለ ዶክተሩ። «በሽታው በዘር የሚመጣ ነው። እናትም አባትም ምንም ሳያማቸው ለልጅ ያወርሱታል። በቤተሰባችሁ እንዲህ እየጠባ፣ እየከሳ የሞተ ሕፃን ነበር?»

«የለም» አለች። በእሷ ወገን ሰምታ አታውቅም። ባሏ ደግሞ ለእናቱ አንድ ነው።

«ነበረች» አሉ አማቷ።

ሁሉም ወደሳቸው ዞሩ። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጆሮውን እየጠመዘዙ ነበር።

«ከእሱ በፊት ነው። ሴት ነበረች። እሱም አያውቅም፤ ለማን እነግራለሁ? እንዲሁ ነበር ጡት ስታይ የምትንቀጠቀጠው። ሆዷም እንዲሁ። አማቴ ‹ወተትሽ ውሃ ነው› አሉኝ። ጎረቤቱም አለ፣ ባሌም አለ። እኔም አመንኩ፤ ጡቴን አሠርኩት። በሌላ ወተት ያዝናት። ብዙም አልቆየችልኝ። ሁለተኛውን ስወልድ፣ እሱን እንኳ በፍርሃት ነው ያጠባሁት። ይሄኛው ሲከሳብኝ ደግሞ ቶሎ ይቁም አልኩ። ለያቺ እንደዘገየሁት ለዚህም እንዳልዘገይ ብዬ።»

ሲስተር ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ተወችው።

«ዶክተር» አሉ አማቷ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ቀና ብለው። «ታዲያ የእኔም… ውሃ አልነበረም?»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋ። «እማማ፣ ያቺን ልጅ አላየኋትም፤ ምን እንደገደላት ዛሬ ላይ ሆኜ መናገር አልችልም። ወተትዎ ግን አይደለም። የእናት ወተት ልጅ አይገድልም።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደግመው ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን በንጹሕ ልብሱ ሸፍነው አለቀሱ። ከአንጀታቸው ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን አምቀው ያቆዩት ነበር። ምራታቸው እጇን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች።

ልጁ ነቅቶ መጮህ ጀመረ። እናቱ ሸሚዟን ልትፈታ እጇን አነሳች፤ ጣቶቿ ግን ከድካም ብዛት አልታዘዝ አሏት። አማቷ ፊታቸውን ጠርገው ጠጋ አሉ። የሸሚዟን ቁልፍ ፈቱላት፣ የልጁን ራስ ወደ ጡቷ አቀኑት።

«አጥቢው፣ ልጄ» አሉ። «እስኪጠግብ አጥቢው።»