የኔታ ያልተስማሙበት ገጽ

ወይዘሮ ያለምወርቅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ዜሮ ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻቸውም። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ፍቅረ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ መምህር ነው። ሦስት ዓመት ደብረ ኤልያስ እየተመላለሰ ከየኔታ ገብረ ኪዳን ዘንድ የዳዊትን አንድምታ ትርጓሜ አጥንቶ በአማርኛ መጽሐፍ አወጣ። በ2007 ሰኔ ላይ የማዕረግ እድገት ቢጠይቅ፣ ኮሚቴው ስሙን ዳታቤዝ በሚሉት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ፈለገው። ሥራውን የጠቀሰ ተመራማሪ ዜሮ ሆነ።

«ማን ይጥቀሰኝ፣ እማዬ? የሚቆጥረው የፈረንጅ መጽሔት ነው። ከእንግዲህ ጥናት የሚባል በቃኝ» አለና መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ከተታቸው።

ይኼ ልጅ ያለ መጽሐፍ ምን ሊሆን ነው ብለው፣ ቅዳሜ ሳይነግሩት ሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ኤልያስ፣ የኔታ ገብረ ኪዳን ጉባኤ ቤት ደረሱ።

«መጽሐፉን የጠቀሰው የለም አሉት፣ የኔታ።»

«እንዴት የለም? እኔ የሰው ቃል ስናገር ባለቤቱን ሳልጠራ አላልፍም። ‹ፍቅረ ሥላሴ እንዲህ ብሏል› ያላልኩበት ሳምንት የለም።»

«በአፍዎ ነዋ። ኮምፒውተሩ መች ሰማ? በወረቀት ያድርጉልኝ።»

የኔታ ተናገሩ፣ አንዱ ደቀ መዝሙር ጻፈ፣ የቀሩት በሌላ ወረቀት ስማቸውን አሰፈሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ማኅተም አረፈበት።

ሲመለሱ መነጽራቸውን አድርገው ቢያነቡት ክው አሉ። «በገጽ አርባ ግን አንስማማም፤ ሁለተኛውን አንድምታ ዘሎታል» ይላል። ምናለ ዝም ቢሉ? ወረቀቱን ሊቀድዱት ዳዳቸው። ማኅተሙ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ የታቦት ማኅተም ደግሞ አይቀደድም።

ሰኞ ወረቀቶቹን ኮሌጁ ቢያደርሱ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አስማማው የስም ዝርዝሩን አይተው ፈገግ አሉ። «እማማ፣ እዚህ ዘጠኝ ገብረ ሥላሴ አለ።»

«ስም ጻፉ ሲባሉ ለጸሎት መስሏቸው የክርስትና ስማቸውን ጻፉ። ልጆቹ ግን አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰብሳቢው ሁለተኛውን ወረቀት ገለጡ።

«ገጽ አርባን አይያዙበት፤ የኔታ አርጅተዋል» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። ዋሹ።

«ከኮሚቴው ገጽ አርባ የደረሰ የለም፣ እማማ። እኔም አልደረስኩም። እኚህ ግን እስኪጣሉበት አንብበውታል።» ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አያያዙት። «ስሞቹ አይቆጠሩልኝም። ትርጓሜ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች መጽሐፉን እንዲያነቡት ግን አሳስባለሁ። ስለ ውጤቱ ቃል አልገባም።»

ቤት ገብተው የሠሩትን ሁሉ ተናዘዙለት፤ ቁጣውንም ጠበቁ። ፍቅረ ሥላሴ ስለ ኮሚቴው አንድም ነገር አልጠየቀም።

«የኔታ ገጽ አርባ ላይ ምን አሉኝ?»

ነገሩት። ካርቶኑን ፈትቶ መጽሐፉን አወጣና ቆሞ ብዙ አነበበ።

«ልክ ናቸው» አለ። «ቅዳሜ ሄጄ ሁለተኛውን ከአፋቸው እሰማለሁ።»

ወይዘሮ ያለምወርቅም ስለ መንገዱ መጨነቅ ጀመሩ፤ ዝናቡ ገብቷል፣ ሚኒባሱም ይከንፋል።