የዘጠኝ ተኩል መዳፍ

ከማክሰኞ ማለዳ ጀምሮ በጋራዡ ውስጥ የተላጠ ብረት በባዶ እጅ መንካት ተከለከለ። ከልካዩ ቀለም ቀቢው ነበር፤ የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን እኩሌታ ለሞተር ቺንጋ ከገበረ ወዲህ ወዳጅም ጠላትም «ዘጠኝ ተኩል» የሚለው።

ክልከላው ምክንያት ነበረው። የአንዲት አሮጌ መኪና የሞተር ክዳን፣ ኮፈኖው፣ በአየር ግፊት አሸዋ ተረጭቶበት፣ ቀለሙም ዝገቱም ተልጦ ራቁቱን ቀርቷል። እንዲህ ያለ ብረት የጣት ላብ ከነካው አድሮ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከሥር ሆኖ የላዩን ቀለም ያሳብጠዋል። ፀረ ዝገቱ የሚደርሰው ደግሞ በማግስቱ ነው።

«ንጹሕ ሆኖ ካደረ ፀረ ዝገቱን የምትረጪው አንቺ ነሽ» አላት ሴት ልጁን። «አንድ እጅ ካረፈበት ግን የቀለም መርጫውን እርሺው።»

መርጫውን ስትለምነው ዓመታት አልፈዋል። እሱም «እጅሽ ገና አልበሰለም» እያለ አቆይቷታል። የፈራው ግን እጇን አልነበረም፤ እሷ ከቻለች እሱን ማን ይፈልገዋል የሚለውን ነበር። ይህንንም ለራሱ ያመነው በቀልድ መልክ ነው።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ሲከፍት ኮፈኖው መሐል ላይ ቡናማ መዳፍ ተዘርግቶ ጠበቀው። መነጽር ማድረግን የሽማግሌ ሥራ አድርጎ ስለሚቆጥር ከሩቅ ፈረደ።

«ኑ! እጃችሁን ዘርጉ!»

ሴት ልጁና አሸዋ የሚረጨው የሚስቱ ወንድም ጓንታቸውን አውልቀው ተሰለፉ።

«ጋሼ፣ አሻራ ልትወስድ ነው እንዴ?» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ዝም በል! የማን እንደሆነ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል።»

ልጁ ጎንበስ ብላ አየችና አፏን በክንዷ ሸፈነች። «አባዬ፣ መነጽርህን አድርግ።»

«ለምን?»

«አንዱ ጣት ግማሽ ነው።»

አደረገ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ትናንት ባለመኪናዋ ስትመጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ክልከላውን እንዴት አድርጌ ነበር ያስረዳኋት?»

«እየዳሰስክ ነዋ!» አለ የሚስቱ ወንድም። «መዳፍህን ኮፈኖው ላይ አሳርፈህ ‹ይህን ማንም አይነካም› አልካት። ጋሼማ ከማንም በላይ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! እንዲህ ያለ ዳኛ ከነችሎቱ ይዝጋል» ሲል ዘጠኝ ተኩል በራሱ ላይ ፈረደ።

ጓንት አጠለቀ። ብርጭቆ ወረቀቱን በእንጨት ላይ ጠቅልሎ የገዛ መዳፉን ይፍቅ ጀመር። አራቱ ጣቶች ቶሎ ጠፉ፤ ግማሿ ግን አልለቅም ብላ አንገላታችው፤ እልኳ የባለቤቷ ነው። ብረቱ ዳግመኛ ግራጫ ሲሆን ብናኙን በአየር አራገፈ፣ በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅም አበሰው።

«ቀጥሎስ?» ሲል ልጁን ጠየቃት።

«ፀረ ዝገት። አሸዋው የተወውን ሸካራ ይሞላዋል። ሲደርቅ በውሃ ይታሻል፤ ቀለም የሚቀባው እንደ መስታወት ሲለሰልስ ነው።»

«ልስላሴውን በምን ታውቂዋለሽ?»

«በመዳፌ» አለችና የአባቷን እጅ አየት አደረገች። «በጓንት።»

መርጫውን ከመስቀያው አውርዶ አስጨበጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትረጪው አንቺ ነሽ» አላት።